የሳንባ ቲቢ ሕክምና ላይ ሆኖ መግጠምና መተርጎም፦ ለጎንደር ጸሐፊዎች የስድስት ወር ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የሳንባ ቲቢ መድኃኒት ለጀመሩ፣ እንጀራቸው ትርጉም፣ ልባቸው ግጥም ለሆነ የጎንደር ሰዎች ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ ሳሉ ይቀንሳል፣ ምግብ መብላት ይመጣል፣ ሰውየውም ድኛለሁ ብሎ የተጠራቀመ ሥራውን በአንድ ሳምንት ሊጨርስ ይነሳል፤ ክኒኑም ይረሳል። ሁለተኛው በተቃራኒው ነው፦ «እስክድን ብዕር አልነካም» ይሉና በስድስተኛው ወር አሳታሚ የለም፣ ገቢ የለም፣ እጅም ደርቋል።

እዚህ የተጻፈው ለተለመደው የአዋቂ የስድስት ወር ሕክምና ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒት (ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል)፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለት (ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ)። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የጉበት፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የመድኃኒቱን ክፍል ከራሳቸው ሐኪም ይውሰዱ፤ የሥራ አደረጃጀቱ ግን ለእነሱም ይሆናል።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

- የሕክምና ካርድዎ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ከክኒኑ ጋር
- አንድ የተሰመረ ደብተር፤ በግራው ገጽ ጤና፣ በቀኙ ገጽ ሥራ ይመዘገብበታል
- የሙቀት መለኪያ (ቴርሞሜትር)
- አንድ ስንዝር ቀይ ክር፣ አንድ ስንዝር አረንጓዴ ክር፣ እና ደቃቅ ፊደል ያለበት አንድ የታተመ ገጽ (ለዓይን ፍተሻ)
- ክዳን ያለው የአክታ ዕቃና ሶፍት
- የሚተረጉሙት መጽሐፍ የወረቀት ቅጂ፣ እርሳስ፣ ላጲስ
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ለመድኃኒቱ ይስጡ

መጀመሪያ የሚተከለው የክኒኑ ሰዓት ነው። ሥራው በዚያ ዙሪያ ይደረደራል።

1. ክኒኑን በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው፣ በውኃ ይዋጡ።
2. ቤት ሆነው በደጋፊ ፊት የሚውጡ ከሆነ፦ ጠዋት 12:30 ክኒን፣ 1:30 ቁርስ፣ 2:30 ሥራ።
3. ጤና ጣቢያ እየሄዱ በባለሙያ ፊት የሚውጡ ከሆነ፦ 2:30 እዚያ ይገኙ፣ ቁርስዎን በሣህን ይዘው ይሂዱና ጊዜው ሲደርስ እዚያው ይብሉ፣ 4:30 ሥራ። «ቤቴ ስመለስ እበላለሁ» ያለ ሰው መንገድ ላይ ሰው ያገኛል፣ ቁርሱ ምሳ ይሆናል፣ የዚያን ቀን ጉልበቱም አለቀ ማለት ነው። ጎንደር ዳገት ናት፤ ሲሄዱ ቁልቁለት ከሆነ ሲመለሱ ዳገት መሆኑን ያስቡና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመልሱ የባጃጅ ገንዘብ ይያዙ።
4. ከዋጡ በኋላ ወዲያው ካርዱ ወይም ደብተሩ ላይ ምልክት ያድርጉ። በኋላ አደርገዋለሁ አይበሉ፤ ማታ ላይ «ውጫለሁ ወይስ አልዋጥኩም?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጠዋት ረስተው ከሰዓት ካስታወሱ የዚያኑ ቀን ይውሰዱ። ያስታወሱት በማግስቱ ከሆነ ደርበው አይዋጡ፤ የዕለቱን ብቻ ወስደው ለነርሷ ይንገሩ።

ካቅለሸለሸዎት መድኃኒቱን አያቋርጡ። ከቀላል ምግብ ጋር መውሰድ ይቻል እንደሆነ ነርሷን ይጠይቁ። የጨጓራ ማስታገሻ ግን ከክኒኑ ጋር አይዋጡ፤ መድኃኒቱ በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል።

የሽንት ቀይ ወይም ብርቱካናማ መሆን የሪፋምፒሲን ቀለም ነው፤ አያስደንግጥዎ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስዱ ግን ሪፋምፒሲን ኃይሉን ስለሚቀንሰው ሌላ ዘዴ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

አልኮል በእነዚህ ስድስት ወራት የለም። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ኮረፌ፣ ቢራ ሁሉም አንድ ናቸው፤ መድኃኒቶቹ ራሳቸው ጉበት ላይ ስለሚሠሩ ሌላ ጫና መጨመር አደጋ ነው። የባህል መድኃኒትም በላዩ አይደርቡ።

ደረጃ 2፦ በየሳምንቱ ዓይንዎን ይፈትሹ

ይህ ደረጃ ለአንባቢና ለተርጓሚ የሕልውና ጉዳይ ስለሆነ ብቻውን ቆሟል። ኢታምቡቶል አልፎ አልፎ የማየት ጥራትንና ቀይና አረንጓዴ የመለየት ችሎታን ይነካል። ቀድሞ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ከዘገየ ላይመለስ ይችላል። ተርጓሚ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊደል ላይ ስለሚውል፣ ዓይኑ ሲደክም «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናዋል።

1. ሰኞ ጠዋት፣ ሁልጊዜ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት ይቀመጡ። መነጽር ካለዎት ያድርጉ።
2. የግራ ዓይንዎን በመዳፍዎ ሸፍነው ያቺን የታተመች ገጽ ክንድዎን አጥፈው በሚይዙበት ርቀት ያንብቡ። ከዚያ ቀኙን ሸፍነው ይድገሙ። በሁለቱም ዓይን አንድ ላይ ማንበብ ፍተሻ አይሆንም፤ ደህናው የታመመውን ይሸፍንለታል።
3. ሁለቱን ክሮች ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው በየዓይኑ ይዩ። ቀዩ ገርጥቶ ወይም ቡናማ መስሎ ከታየ ይጻፉት።
4. ደብተሩ ላይ «ግራ ደህና፣ ቀኝ ደህና» ብለው ቀኑን ያስፍሩ።

ካለፈው ሳምንት ለውጥ ካዩ ቀጣዩን ክኒን ሳይውጡ የዚያኑ ቀን ወደ ሕክምና ቦታዎ ይሂዱና «ማየቴ ተለውጧል» ብለው ይንገሩ። የትኛው መድኃኒት እንደሚቆም የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 3፦ የሥራ ክፍሉን ያስተካክሉ

መስኮቱ የሚከፈት ክፍል ይምረጡ፤ ወንበሩን ነፋሱ ከእርስዎ ወደ ውጭ በሚወጣበት በኩል ያድርጉ። የድሮ የድንጋይ ቤቶች መስኮት ጠባብ ስለሆነ በሩንም ይክፈቱ። የጠዋቱ ብርድ ከከበደዎት ጋቢ ይደርቡ እንጂ መስኮቱን አይዝጉ። ከሰል ማንደጃና የቡና ዕጣን ከሚሠሩበት ክፍል ይውጡ፤ ጭሱ ሳል ይቀሰቅሳል፣ ከሰሉ ደግሞ በተዘጋ ክፍል ይገድላል።

ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ለብቻዎ ይተኙ፤ ሲያስሉ አፍዎን ይሸፍኑ። አብረዋችሁ የሚኖሩ ሰዎች፣ በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ እንዲመረመሩ ይውሰዷቸው።

በክረምት መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም በወረቀት ረቂቅ መሥራት ይልመዱ። ላፕቶፑን ለመተየብ ብቻ ይጠቀሙበት።

ደረጃ 4፦ ከአሳታሚው ጋር ቀኑን በቁጥር ይነጋገሩ

«ትንሽ አሞኛል፣ እዘገያለሁ» የሚል መልእክት ማንንም አይረዳም፤ አሳታሚው በሳምንቱ ይደውላል፣ እርስዎም በኀፍረት ይሠራሉ። ቁጥር ይስጡ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 110 ገጽ ቀርቶዎታል እንበል። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ለዝግጅት ብቻ ናቸው (ደረጃ 6ን ይዩ)፤ በቀጣዮቹ 6 ሳምንታት በቀን 1 ገጽ፣ ከሐሙስና ከዓርብ ውጭ በሳምንት 5 ቀን ብለው ያስቡ፤ 30 ገጽ ይሆናል። ቀጥሎ በቀን 2 ገጽ፣ በሳምንት 10፤ ቀሪው 80 ገጽ በ8 ሳምንት ያልቃል። ለአርትዖት 4 ሳምንት፣ ለመጥፎ ሳምንቶች ደግሞ 2 ይጨምሩ። ድምሩ 22 ሳምንት ነው። ጤነኛ ሳሉ በቀን 5 ገጽ ይሠሩ የነበረ መሆኑን ይርሱት፤ በድሮው ፍጥነት የተሰላ ቀነ ገደብ ነው ሰውን መልሶ አልጋ ላይ የሚጥለው።

መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ሕክምና ላይ ነኝ፤ ስድስት ወር ይወስዳል። ሥራውን አላቆምኩም። ቀሪውን 110 ገጽ ከዛሬ ጀምሮ በ22 ሳምንት አስረክባለሁ። በየወሩ መጨረሻ ያለቀውን እልክልዎታለሁ። ይህ ቀን የማይመችዎ ከሆነ እስከ ዓርብ ያሳውቁኝ።»

የበሽታውን ስም መግለጽ ግዴታዎ አይደለም። ቀብድ ተቀብለው ከሆነ የተቀበሉትን መጠንና ያስረከቡትን ገጽ በዚያው መልእክት ይጥቀሱ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ በስልክ ከተስማሙም «እንደተነጋገርነው» ብለው መልሰው ይጻፉለት።

ደረጃ 5፦ ቀኑን ይከፋፍሉ

የቲቢ ትኩሳት ወደ ማምሻ የመነሳት ጠባይ አለው። ስለዚህ ጭንቅላት የሚጠይቅ ሥራ ሁሉ ጠዋት ይጠናቀቅ።

- ሳምንት 1 እና 2፦ በቀን አንድ ጊዜ 30 ደቂቃ። ከዚያ በላይ ቢያሰኝዎትም ይነሱ።
- ሳምንት 3 እስከ 8፦ 40 ደቂቃ ሥራ፣ 15 ደቂቃ ጋደም፣ 40 ደቂቃ ሥራ።
- ከ3ኛው ወር ጀምሮ፦ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ አንድ 40 ደቂቃ ይጨምሩ፤ የሚጨምሩት ግን በመጀመሪያ ለመተየብና ለማረም ብቻ ነው።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ሙቀትዎን ይለኩ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ የዚያን ቀን ሥራ የለም፤ በማግስቱም ካልወረደ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ከምሳ በኋላ ይተኙ። ማምሻ ላይ ሜዳ በሆነ መንገድ ይራመዱ፤ በፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያ ከ10 ደቂቃ ይጀምሩና በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። የቁስቋምን ዳገት ለኋለኞቹ ወራት ያቆዩት። እየተራመዱ መናገር ካቃተዎት ፍጥነቱ በዝቷል።

ደረጃ 6፦ ትርጉሙን ስህተት በማያስገባ ቅደም ተከተል ይሥሩ

የደከመ ተርጓሚ ዋና ስህተቱ መዝለል ነው። ዓይኑ ከአንድ ዐረፍተ ነገር ወደ ተመሳሳይ አጀማመር ወዳለው ሌላ ዐረፍተ ነገር ይሻገራል፤ መሀል ያለው ይቀራል። የተዘለለው ደግሞ በአማርኛው ብቻ ሲነበብ አይታይም፤ ፍሰቱ ጥሩ ይመስላል። መከላከያው ይህ ነው።

1. በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም አይተርጉሙ። የመጽሐፉን አንቀጾች በሙሉ በእርሳስ ቁጥር ይስጧቸው። የሰውና የቦታ ስሞችን በአንድ ወረቀት ያውጡና አጻጻፋቸውን ይወስኑ።
2. በዚያው ጊዜ የፊደል ምርጫዎን ይቁረጡ፦ ሀ፣ ሐ ወይስ ኀ፤ ሰ ወይስ ሠ፤ አ ወይስ ዐ፤ ጸ ወይስ ፀ። ደጋግመው የሚመጡ 50 ያህል ቃላትን ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ይህን ሥራ ተኝቶም መሥራት ይቻላል፤ በመጨረሻው አርትዖት ላይ ደግሞ ቀናት ያተርፋል። በኮምፒውተር «ፈልግና ተካ» አስተካክለዋለሁ ብለው አይተዉት፤ አንዱን ፊደል በጅምላ ሲለውጡ ትክክል የነበረውን ቃልም ያበላሻል።
3. ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ በቀን 1 ገጽ በረቂቅ ይሥሩ። የተረጎሙት እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ፣ በምንጩ መጽሐፍ ውስጥ፣ በእርሳስ ትንሽ ጭረት ያድርጉ። በአማርኛውም ላይ ተመሳሳዩን የአንቀጽ ቁጥር ያስቀምጡ።
4. ለአንድ አስቸጋሪ ቃል ከ5 ደቂቃ በላይ አይስጡ። የመጣልዎትን ይጻፉ፣ ያክብቡት፣ ይለፉ።
5. ዓርብ የተከበቡትን ብቻ ይፍቱ። በዚያው ቀን የአንቀጾቹን ቁጥር ያመሳክሩ፤ ምንጩ ላይ 34 ደርሶ አማርኛው 33 ላይ ከቆመ የጎደለውን እዚያው ይፈልጉ።
6. አራቱን መድኃኒት እየወሰዱ «ይህ ምዕራፍ አለቀ» ብለው አያስረክቡ። ረቂቁ ለአሳታሚው ይላክ፤ «ያልታረመ» የሚል ጽሑፍ ግን ላዩ ላይ ይኑር።

ገጹን ካልጨረሱ አንቀጹን ጨርሰው ይነሱ። በነገታው ሁለት ገጽ ሠርቼ እተካለሁ አይበሉ፤ ለዚህ ነው ሁለቱ ትርፍ ሳምንታት የተቀመጡት።

ደረጃ 7፦ ለግጥሙ የራሱን ጠዋት ይስጡት

ትርጉም ገንዘብ ስለሚያመጣ ጥሩውን ሰዓት ሁሉ ይበላዋል፤ ግጥም ማታ፣ ትኩሳቱ ሲነሳ፣ በቀረው ጉልበት ይሠራል። ገጣሚዎች ስድስት ወር ሙሉ አንድ ስንኝ ሳይሞላላቸው የሚቀረው ለዚህ ነው። ሐሙስ ጠዋትን ለግጥም ይለዩ። የዚያን ቀን የትርጉም መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ አይታይ።

ሌሊት የመጣ ስንኝ፦ አይነሱ፣ መብራት አያብሩ። ስልኩን ከራስጌ አድርገው ተኝተው ይቅዱት፤ ከ2 ደቂቃ አይበልጥ። ከአልጋ ወርዶ ቡና አፍልቶ እስከ ንጋት መግጠም የቆየ ልማድ ነው፤ አሁን ግን የማግሥቱን ክኒን፣ ቁርስና ሥራ ሦስቱንም ያሳጣል። የተቀዱትን ሐሙስ ይገልብጧቸው። ደካማ ናቸው ብለው አያጥፏቸው፤ በሕመም ላይ ሆኖ የራስን ግጥም መመዘን አስቸጋሪ ነው፣ ከ4ኛው ወር በፊት አይፍረዱባቸው።

ድምፅ አውጥቶ ለማንበብ፦ ሳሉ እስኪረግብ በልብ ያንብቡ። ሲረግብ ባለ 5-5 ቀለም (በእያንዳንዱ ሐረግ አምስት የፊደል ድምፅ) በሆነው የግጥም ምት፣ በሰንጎ መገን ይጀምሩ፤ ሐረጉ አጭር ስለሆነ መሀል ላይ ትንፋሽ መሰብሰብ ይቻላል። በሐረጎቹ መካከል ቆም እያሉ 8 ስንኝ ሳያስሉ ካለፉ ወደ 6-6ቱ የወል ቤት ይሻገሩ። ሁለተኛው ሐረግ ላይ ሳል ከቆረጠዎት የዚያን ቀን በቃ። በየሐሙሱ ሳያስሉ የዘለቁትን የስንኝ ብዛት በጤናው ገጽ ላይ ይመዝግቡ፤ ቁጥሩ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከወረደ ለባለሙያው ያሳዩ።

የግጥም ምሽት ሲጋበዙ፦ አዳራሽ ዝግ ነው፣ ሰው ይጠጋጋል። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት አልፈው፣ ባለሙያው «አሁን ለሰው አታስተላልፍም» እስኪልዎት ይቅሩ። ግጥሙን ወዳጅ ያንብብልዎ፤ ወይም በስልክ ቀድተው ይላኩ።

ደረጃ 8፦ ጠያቂ፣ ጾምና ጠበል

ጠያቂ በረከት ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት መጥቶ ምሳ ድረስ ሲቀመጥ ግን የዕለቱ ሥራ ሄደ። ሰዓት ይወስኑ፤ 10 ሰዓት፣ በግቢው ውስጥ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር። የሚናገረው ከቤተሰብ አንድ ሰው ይሁን፤ «እማማ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ጠዋት መድኃኒቱ ያደክመዋል፣ 10 ሰዓት ላይ ውጭ ሆናችሁ ትጫወታላችሁ» ቢል የሚቀየም የለም።

ጾም ከመግባቱ በፊት፣ በተለይ ሁዳዴ፣ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። ካርድዎን ይዘው ይሂዱና ክኒኑን በየቀኑ እንደሚውጡ፣ ክብደትዎም እንደቀነሰ ይንገሯቸው። ክኒን ውጦ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ያስታውካል፣ ክብደትም እንዳይመለስ ያደርጋል። ከፍስክ ምግብ የሚታቀቡ ከሆነ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ለውዝና የአጃ አጥሚት በየምግቡ ይግቡ። በፍስኩ እንቁላልና ወተት ይጨምሩ። ረመዳን የሚጾሙም ከሐኪምና ከሃይማኖት አባት ጋር አስቀድመው ይምከሩ።

ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ክኒኑን ይዘው ይሂዱ። ለሰባት ወይም ለአሥራ አራት ቀን ከከተማ የሚወጡ ከሆነ ለዚያ ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት እንዲሰጥዎ ቀድመው ይጠይቁ። መድኃኒቱን ለጠበሉ ብሎ ማቋረጥ ቲቢው መድኃኒቱን እንዲላመድ በር ይከፍታል፤ የሚቀጥለው ሕክምና ይረዝማል፣ ይከብዳልም።

ደረጃ 9፦ ነገር ሲበላሽ

ዓይን ቢጫ ሆነ፣ ሽንት እንደ ቡና ጠቆረ፣ ትውከት አላቆም አለ፦ ጉበት ሊሆን ይችላል። ቀጣዩን ክኒን ሳይውጡ ወዲያው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ደም የቀላቀለ ብዙ አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የሰውነት ማበጥ ወይም መላ ሰውነትን የሸፈነ ሽፍታ፦ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።

እጅና እግር መደንዘዝ ወይም እንደ መርፌ መውጋት፦ አይሶኒያዚድ ያመጣዋል። ቫይታሚን ቢ6 እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። እስከዚያው በእጅ መጻፍ ካስቸገረ በድምፅ ይቅዱ።

የመገጣጠሚያ ሕመም፦ ብዙውን ጊዜ ከፒራዚናማይድ ነው። ለነርሷ ይንገሩ፤ በራስዎ ማስታገሻ ገዝተው አይደራርቡ።

እንቅልፍ ማጣት፣ ከባድ ድብርት፣ ያልተለመደ ሐሳብ፦ የገጣሚ ጠባይ ነው ብለው አይለፉት። ከመድኃኒቱም ሊሆን ይችላልና በሚቀጥለው ቀን ይንገሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ የዚያኑ ሰዓት ለቤተሰብ ይናገሩ፣ ብቻዎን አይደሩ።

ሦስት ቀን ተከታትሎ ሥራ አልሆን አለ፦ ወደ 30 ደቂቃው ይመለሱ፤ አንድ ሳምንት ይቆዩበት። ለአሳታሚው የሚጻፈው ሁለቱ ትርፍ ሳምንታት ሲያልቁ ብቻ ነው።

ደረጃ 10፦ ከ2ኛው ወር መጨረሻ እስከ ማብቂያው

በ2ኛው ወር መጨረሻ የአክታ ምርመራ አለ። ውጤቱን ሳያዩ የሥራ ሰዓት አይጨምሩ፤ ደህና መምሰልና ደህና መሆን የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። በ5ኛውና በ6ኛው ወርም ምርመራው ይደገማል፤ እነዚህን ቀኖች ከአሳታሚው ቀኖች ቀድመው ቀን መቁጠሪያው ላይ ያስፍሩ። በየወሩ ይመዘኑ፤ የክኒኑ ብዛት በክብደት የሚወሰን ስለሆነ ክብደትዎ ከተለወጠ ያሳውቁ።

ከአራት ወደ ሁለት መድኃኒት ሲቀየር የክኒኑ ቁጥርና መልክ ስለሚለወጥ ነርሷ ፊት ቆጥረው ይረከቡ። የዓርቡን ማመሳከርና የሐሙሱን ጠዋት አይተዉ። ሙሉ አርትዖቱ በ17ኛው ሳምንት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ከምንጩ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ፣ ቀጥሎ አማርኛውን ብቻ ድምፅ አውጥተው።

የመጨረሻውን ክኒን ከዋጡ በኋላ ሕክምናው መጠናቀቁ ካርድዎ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ቅጂውንም ያስቀምጡ። ከዚያ ወዲህ 2 ሳምንት የዘለቀ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ከመጣ ካርዱን ይዘው ይመለሱ። አዲስ የትርጉም ውል የሚፈርሙ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን ከ3 ገጽ በላይ የሚጠይቅ ቀነ ገደብ አይቀበሉ።